ተሳላሚ ወይስ ተሳፋሪ?

ታኅሣሥ ሲጋመስ የቦሌን መንገድ ያየ ሰው የአዲስ አበባ ልብ በሙሉ ወደ ምሥራቅ የዞረ ይመስለዋል። ከመድኃኔዓለም እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ፣ በየመብራት ምሰሶውና በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ የተለጠፈው ወረቀት አንድ ቃል ይጮኻል፦ ቁልቢ! ድምፅ ማጉያ የጫነች ሚኒባስ መንገድ ዳር ቆማ የጉዞውን ዋጋ፣ የመነሻውን ሰዓት፣ የምሳውን ዓይነት ሳይቀር ታስታውቃለች። "ጥቂት ወንበር ብቻ ቀርቷል!" ትላለች። ሁልጊዜም የሚቀረው ጥቂት ወንበር ነው። ገንዘብ የተረፈው ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያቀናል፤ ለበዓሉ ወደ ድሬዳዋ የሚጨመረው በረራ ለእሱ የታሰበ ነው። መካከለኛው አውቶቡሱን ይሳፈራል። አቅም ያጣው ደግሞ በጎረቤቱ እጅ ጧፍና ጥቂት ብር ይልካል።

ልብ በሉ፤ ይህን የምጽፈው በሰው እምነት ለመሳለቅ አይደለም። መሳለቅ ቀላል ነው። ቦሌ ላይ ማኪያቶውን ይዞ የሚሳለቅ ሰው አጥተን አናውቅም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። በእነዚያ ሁሉ ወረቀቶች ላይ "ተጓዥ" አለ፣ "ተሳፋሪ" አለ፣ "ተመዝጋቢ" አለ። "ተሳላሚ" የሚለውን ቃል ግን ፈልጌ አጣሁት። የአንድ ቃል መጥፋት ምን ያስጨንቃል የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

መሳለም ከሰላም የወጣ ቃል ነው። ቅርጹም የአንድ ሰውን ብቻ ሥራ አይናገርም፤ እንደ መጨባበጥ፣ እንደ መተቃቀፍ የሁለት ወገን ነው። ተሳላሚ ሰላም የሚል ብቻ ሳይሆን ሰላም የሚባልም ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ መሳለሚያ የሚባል ሰፈር እስካሁን አለን፤ ስሙ ራሱ ከሩቅ ቆሞ እጅ መንሣት የተለመደበትን ዘመን ይመሰክራል። ወደ ደብሩ ግቢ ሲገባ እንግዳ አረፍ የሚልበት፣ ጠበል ጠዲቁ የሚቀመስበት ቤት ደጀ ሰላም ይባላል። አባቶቻችን ቦታን ሊያዩ ሳይሆን ሊሳለሙ ይሄዱ ነበር ማለት ነው። ታዲያ እኛስ? ከቁልቢ፣ ከላሊበላ፣ ከግሸን ስንመለስ ሰላም ብለን የመጣነው ማንን ነው? ማንስ ሰላም አለን?

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት መንገድ የሚዘጉብኝን ሁለት ወገኖች ዘወር ላድርግ።

የመጀመሪያዎቹ "ድሮ ቀረ" ባዮች ናቸው። እነሱ እንደሚሉት እውነተኛ ተሳላሚ ማለት በሶውን ቋጥሮ፣ ዱላውን ጨብጦ፣ ጫማውን አውልቆ በእግሩ የሚሄድ ነው፤ ሞተር ከገባበት ጉዞው ረከሰ ይላሉ። (ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው።) ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ የድሮው ባቡር የቁልቢን ሰው ለብዙ ዘመን አመላልሷል። በዚያ ባቡር የሄዱት አያቶቻችን ከእኛ ያነሰ አማኞች ነበሩ? ጉልበቷ የከዳት እናት በአውሮፕላን ሄዳ ስለቷን ብታስገባ ገብርኤል ትኬቷን አይጠይቃትም። ደግሞም በእግር መሄድ ብቻውን ማንንም ተሳላሚ አያደርግም። ስፔን ውስጥ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የሚወስድ የታወቀ የተሳላሚዎች መንገድ አለ፤ ምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ውጤቱ ምን ሆነ? ብዙው ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከመቶ ኪሎ ሜትሩ እምብዛም ከማትርቅ ሳሪያ ከምትባል ከተማ ነው። ሰው ከፈለገ እግሩንም እንደ ትኬት ማስመታት ይችላል። ስለዚህ ክርክሬ ከጎማ ጋር አይደለም።

ሁለተኞቹ ፈላስፎቹ ናቸው። "እግዚአብሔር የሌለበት ቦታ የት አለና ነው አራት መቶ ኪሎ ሜትር የምትሄዱት? ጸሎት ከቤትም ይሰማል" ይላሉ። ንግግሩ ጥልቅ ይመስላል። ግን ያው ፈላስፋ የጓደኛው እናት ያረፉ ዕለት ሐዘኑን በስልክ ገልጾ ይቀራል? አይቀርም። ድንኳኑ ድረስ ይሄዳል፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ንፍሮውን ቀምሶ ይነሣል። ምን ሊያደርግ ሄደ ቢባል መልስ የለውም፤ አለመሄድ ግን ነውር እንደሆነ አጥንቱ ያውቃል። ቦታ ማለት ይህ ነው። ሰው በአካል ተገኝቶ "አለሁ" የሚልበት ነው።

ቦታ ደግሞ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚሠራው ነገር ነው። ኢየሩሳሌም በ1187 እ.ኤ.አ. በሳላሕ አዲን እጅ ከገባች በኋላ የላስታው ንጉሥ ምን አደረገ? ትውፊቱ እንደሚነግረን ኢየሩሳሌምን ወደ ሮሐ አመጣት። ወንዙን ዮርዳኖስ አለው፤ ከፈለፈላቸው ቤቶች ጎልጎታና ደብረ ሲና የሚባሉ አሉባቸው። የኢየሩሳሌም መንገድ ለራቀው ለላስታ ገበሬ ቅድስቲቱን አገር ደጁ ድረስ አቀረበለት። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ የካ ተራራ ስናወራ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ነገሬ። የድሮው ጉዞ ዋና ነገሩ እግሩ ሳይሆን መሽቶ ማደሩ ነበር። መንገደኛው ስንቁ ያልቃል፤ ጀንበር ትጠልቃለች፤ አይቶት የማያውቀውን ሰው ደጅ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል" ይላል። ያ ባለ ደጅ ሃይማኖቱ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ ሊሆን ይችላል። እግሩን ያጥበዋል፤ ያለውን ያቀርብለታል፤ መደብ ያነጥፍለታል። ተሳላሚው ደብሩ ጋ ከመድረሱ በፊት አገሩን ተሳልሟል። ባሌ ውስጥ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙት ገሪባዎች ባላ ዱላቸውን ይዘው፣ መንገድ ላይ ባለው ሰው ቸርነት እየኖሩ፣ እያዜሙና እየመረቁ የሚሄዱት በዚሁ ሥርዓት ነው። ያበላቸው ምርቃት ያተርፋል፤ እነሱ ደግሞ ስንቅ። ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ለሐጅ የሚነሣውን ሙስሊም ጎረቤታችሁንም አስታውሱ። ከቦሌ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ዕዳውን ይከፍላል፤ ለሚተዋቸው ቤተሰቦቹ የሚበቃ ቀለብ ያስቀምጣል፤ በየጎረቤቱ በር እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል። የመካ መንገድ የሚጀምረው ከጎረቤት በር ነው። በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ማንም ግን ተሳፋሪ አይለውም፤ ሲመለስ ሐጂ ነው፤ ስሙ እንኳ ተለውጧል። በክርስቲያኑም ወገን ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ የሚለው ትምህርት ለማንም አዲስ አይደለም። በአውቶቡሱ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ግን ስምና ስልክ ቁጥር፣ የተከፈለ ገንዘብ እንጂ "ከማን ጋር ተኳርፈሃል?" የሚል ጥያቄ የለበትም።

ከራሳችን ታሪክ አንድ ሰው ልጨምር። አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ መነኩሴ በ16ኛው መቶ ዘመን ሮም ደርሰው፣ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኖሩ። በዚያ ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ አሳተሙ። ለማረፍ የገቡበትን ቤት ሥራ ቤት አደረጉት። ተሳላሚ ማለት እንደዚህ ነው፤ ወስዶ ብቻ አይመለስም፣ የሚተወው ነገር አለው።

የእኛን ጉዞ ከዚህ አጠገብ አቁሙት። አውቶቡሱ ከቦሌ ሲነሣ ወጥ ሠሪዋን፣ ድንኳኑን፣ ጀነሬተሩን፣ የታሸገ ውኃውን፣ ሰባኪውንና ድምፅ ማጉያውን ጭኖ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣን መንገዱን ይይዝና ወደ አዳማ ይከንፋል። አዋሽን፣ ሚኤሶን፣ ጭሮን፣ ሂርናን ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች ውስጥ የሚኖረው የሐረርጌ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ አብዛኛው ኦሮሞ ነው፤ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በደጁ የሚያልፈውን ይህን ሁሉ ሕዝብ ያውቀዋል። ሕዝቡ ግን እሱን አያውቀውም። የሚወርደው ለነዳጅና ለሽንት ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ መዝሙሩ ተከፍቷል። ሰፈራችንን በጎማ ላይ ጭነን ወስደን፣ ሰፈራችንን በጎማ ላይ ጭነን እንመልሳለን። በመካከሉ ያለው አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር አገር የእንቅልፍ ቦታ ነው። ይህን ጉዞ ከሽርሽር የሚለየው ምንድን ነው? ቲሸርቱ ላይ የታተመው የመልአኩ ሥዕል ይሆን?

ቁልቢ ከደረስን በኋላ ያለውን ግን አላቃልልም። ራስ መኮንን ሐረርጌን በሚገዙበት ዘመን የታነጸው ይህ ደብር ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲነግሥ ያላየ ሰው ስለ ስለት ብዙ ባይናገር ይሻላል። ከዳገቱ ሥር ድንጋይ አንሥቶ በትከሻው ተሸክሞ የሚወጣ አለ። በጉልበቱ የሚሄድ አለ። አሥር ዓመት መክና የወለደች እናት ልጇን ክርስትና ልታስነሣ ታዝላ ትመጣለች። ስለት ይዞ የሚመጣ ሙስሊምም ቁልቢ ላይ ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ለእነዚህ ሰዎች ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ስለት ውል ነው፤ እነሱም ውላቸውን ሊፈጽሙ መጥተዋል።

ግን ስለቱም ቢሆን ቦሌ ደርሶ ሲመለስ መልኩ ተለውጧል። "ቪዛዬን ካስመታህልኝ፣ ዲቪ ከደረሰኝ፣ ኮንዶሚኒየሙ ከወጣልኝ..." ይባላል። ሰው የጎደለውን መለመኑ ነውር የለበትም፤ ዘመኑ ያመጣው ጉድለት ነው። የሚያሳዝነኝ ከደረሰ በኋላ ያለው ነው። ዕቃው ገባ፣ ፎቶው ተነሣ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ገብርኤል እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ ተቆጠረ፤ ቁልቢም እንደ መሥሪያ ቤት መስኮት። የዚያች መንደር ሰው በሌላው ወር ምን ይበላል? ውኃው ከየት ይቀዳል? ልጆቹ የት ይማራሉ? በተከታታይ አሥር ዓመት ቁልቢ የተመላለሱ፣ ግን ቁልቢ ውስጥ የአንድ ሰው ስም እንኳ የማያውቁ ሰዎች ሞልተዋል። አሥር ጊዜ ተጓዙ፤ ስንት ጊዜ ተሳለሙ?

ይህ ነገር የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአክሱም፣ የጽዮን በዓል ሊከበር አንድና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ጦርነት የአል ነጃሺ መስጊድ ተመታ፤ የነቢዩ ተከታዮች በተሰደዱ ጊዜ ኢትዮጵያ ያስጠለለቻቸው መሆኑን የሚያስታውስ ቦታ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋም ለወራት ከመብራትና ከስልክ ተቆራርጣ፣ እንግዳ የለመደው ሕዝቧ እንጀራውን አጥቶ ከረመ። ለመሆኑ በየዓመቱ ኅዳር 21ን አክሱም፣ ልደትን ላሊበላ ስናከብር የኖርን የአዲስ አበባ ሰዎች ያን ጊዜ የት ነበርን? ድሮ ቢሆን "ያሳደረኝ ሰውዬ ምን ሆነ? ያጠበችኝ እናት ተረፈች?" የሚል በየቤቱ በተገኘ ነበር። እኛ ግን ያሳደረን ሰው የለም፤ ያደርነው በራሳችን ድንኳን፣ ወይም ሒሳቡ በተከፈለ ሆቴል ነው። የምናውቀው የተወቀረውን ድንጋይ ነውና የጠየቅነውም "ሕንፃው ተጎዳ ወይ?" ብለን ነው። ከመካከላችን ብዙው ደግሞ የራሱን ወገን ሙት ብቻ ቆጠረ። ሰላም ያልተባባለ ሰው ለጠብ ቅርብ ነው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የልደት በዓል ላይ ሕዝቡ ወደ ላሊበላ መልሶ ጎረፈ፤ ደስም ብሎናል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ሲቀሰቀስ ደግሞ የሰሜኑ የየብስ ጉዞ የሚያስፈራ ሆነ። እንግዲህ መንገዱ ሲዘጋ ጉዞውን የሰረዝን፣ ገንዘባችንን የጠየቅን ብዙ ነን። በተዘጋው መንገድ ማዶ ያሉትን የጠየቅን ስንት ነን?

"ታዲያ ምን እናድርግ? መንገዱ አደገኛ፣ እንግድነቱም የቀረ ነው" የሚለኝ አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀኝ። ማታ ሚኤሶ ላይ ወርደህ የሰው በር አንኳኳ አልለውም። የምመክረው ዓይኑን ከሩቁ አንሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቀና እንዲል ነው። ከመገናኛ ሆኖ የካ ተራራን ያያል።

እዚያ ተራራ ላይ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአካባቢው ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል፤ የተመራማሪዎች ግምት ደግሞ ወደ 12ኛው መቶ ዘመን ያዘነብላል። የትኛውንም ብትይዙ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ነው። እኛ ከተማ ሳንሆን፣ ቦሌ ግጦሽና እርሻ ሳለ፣ እዚያ ላይ ሰው አለት እየፈለፈለ ይጸልይ ነበር። ወጥ ከሆነው ከዚያ አለት በሮችና መስኮቶች፣ ምሰሶዎችና ክፍሎች ወጥተዋል። ዛሬ የጣሪያው ክፍል ተደርምሶ ሰማይ ይታይበታል፤ በክረምት ዝናቡ ይገባበታል። ለቱሪስት የሚጻፉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት "ላሊበላ መሄድ ያልቻለ ይህንን ይይ" እያሉ ፈረንጁን ይመሩታል። ፈረንጁም ባህር ዛፉን እያቋረጠ ይወጣል። የሲኤምሲና የገርጂ ሰው ግን፣ ሠፈሩ ሆኖ፣ ስሙን እንኳ የሰማው ስንቱ ነው? ላሊበላ አምስት ጊዜ ሄዶ የካን አንድ ጊዜ ያልወጣ ሰው በየቤቱ አለ። የላስታው ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ወደ ደጁ አመጣ፤ እኛ ደጃችን ላይ የተሠራውን አናውቅም!

ለምን እንደማንሄድ አውቃለሁ። ዋሻ ሚካኤል የሚያስወራ ሩቅነት የለውም። ከዚያ ተመልሶ "ደርሼ መጣሁ" ቢባል ጎረቤት እንኳን አደረሰህ አይልም። ሆቴል የለው፣ ንግዱ ያልደመቀ፣ ቲሸርት የማይታተምለት ቦታ ነው። ደግሞም ከሁሉ የሚከብደው፣ ቅርብ ስለሆነ ይጠይቀናል። ቁልቢን አንድ ጊዜ ስመን ዓመት እንረሳዋለን፤ የካን ግን በየጠዋቱ በመስኮት እናየዋለን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ምን ሆኖ ይሆን ማለት ይመጣል። ቅርብ ቦታ እንደ ቅርብ ዘመድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሳለሙት አይለቅም።

"የቅርስ ጥበቃ የመንግሥት ሥራ ነው" የሚል ይኖራል። ጥገናው አዎን፣ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ምእመኑ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ተሸክሞ ቢወጣ ከዝናቡ የባሰ ጥፋት ያደርሳል። ነገር ግን ባለሙያ የሚመጣው የሚጠይቅ ሲኖር ነው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በወር አንድ ጊዜ እየወጣ የሚጠይቀው ቤት፣ ከተራራው ሥር ያለውን ደብር ካህናትና እዚያው የሚኖረውን ነዋሪ በስም የሚያውቅ ጎብኚ ያለው ቤት፣ በዝምታ አይፈርስም። እንዲህ ያለው ሰው ሲለምድበት ደግሞ ቁልቢም ሲሄድ ዓይኑን ገልጦ ነው፤ ሂርና ላይ ሻይ ጠጥቶ የሻይ ቤቷን ባለቤት "እንዴት ከረምሽ?" ማለት አያቅተውም።

የጉዞ ማኅበራቱ ይህን ቢጀምሩ አልጠላም። ኅዳር ሚካኤል በ12 ይውላል፤ ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19። በመካከሉ አምስት ሳምንት አለ፤ ወረቀቱ የሚለጠፈው፣ ሚኒባሷ የምትጮኸው በዚያው ሰሞን ነው። የተመዘገበውን ሰው ሁሉ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት መገናኛ ላይ ይሰብስቡት። ወጥ ሠሪም፣ ጀነሬተርም አያስፈልግም። ዳቦ ቆሎ ከያዘ ይበቃዋል። በእግር ይወጣል፤ ወንበርም አያልቅም።